የአባ ጀማል እርጥብ ፎጣ

ይህ የደረሰብኝ አምና ግንቦት ላይ ነው። የከሚሴን የግንቦት ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጥላ ስር ተቀምጠህም ላብህ አይደርቅም። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፣ ይቺ ግን ከውስጤ አልወጣ ብላለች። ለሰው ሳወራት ብዙዎቹ መጀመሪያ ላይ ይስቃሉ። እኔም ድሮ እስቅ ነበር።

መናኸሪያው አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ወጣቶች በቴሌቪዥን ኳስ ይጫወቱባታል። ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ጠንከር ያለ የጌም ኮምፒውተር አለ፤ ከአዲስ አበባ ያገለገለ ገዝቼ ያመጣሁት ነው፣ መሪና ፔዳል አለው። እሱ ላይ ከባድ መኪና የሚነዳበት ጌም ጭኜ ነበር። ልጆቹ አይወዱትም። «ጎል የለው፣ ጥይት የለው፣ ዝም ብሎ መንገድ» ብለው ያላግጡብኛል።

አንድ ቀን አባ ጀማል ከፀሐይ ሊያርፉ ጎራ አሉ። የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ተሳቢ ሲነዱ የኖሩ፣ የአሰብን መስመር እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ ሹፌር ነበሩ። «አካም ጅርታ» ብለው ሰላም አሉኝና ስክሪኑ ላይ መኪናውን ሲያዩ ቆመው ቀሩ። «ይሄ ይነዳል?» አሉኝ። «ይነዳል፣ ይሞክሩት» አልኳቸው። ጫማቸውን አወለቁ፣ «ቢስሚላህ» አሉና መሪውን ጨበጡ። ወላሂ፣ ያኔ ፊታቸውን ብታዩት! የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነው የሆኑት።

ከዚያ በኋላ ቀሩ የሚባል ነገር የለም። ሰው በሌለበት መንገድ ፍሬቻ ያሳያሉ። ሌላ መኪና ሲቀድማቸው «ይሄ ባለጌ መንጃ ፈቃዱን ከየት ነው ያመጣው!» ብለው ይቆጣሉ። እኔን ደግሞ ረዳት አድርገው ሾሙኝ። «ሰይድ፣ ጎማውን አየኸው?» ይሉኛል። «አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» እላለሁ። እንዲህ ስንቀላለድ ቤቱ በሳቅ ይሞላ ነበር።

ግን ነገሩ ቀልድ ብቻ አልነበረም። አባ ጀማል ዓይናቸውን ታመው ነው መንዳት ያቆሙት። ደሴ ያያቸው ሐኪም፣ የጠፋው እይታ እንደማይመለስ፣ የቀረውም ቀስ እያለ ሊሄድ እንደሚችል ነግሯቸዋል። አፍንጫቸውን ስክሪኑ ላይ ሊለጥፉ ምንም አይቀራቸውም። አንድ ቀን ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳይነቅሉ «ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ ይቺን የቀረችኝን ብርሃን መንገድ ላይ ልጨርሳት» አሉኝ። ውሃ ልቅዳልዎ ብዬ ተነሳሁ።

ችግሩ ሙቀቱ ነበር። ቀትር ላይ የኮምፒውተሩ ግራፊክስ ካርድ፣ ምስሉን የሚያወጣው ክፍል፣ ይግላል። ሙቀቱን የሚያሳየው ቁጥር ዘጠናን ያልፋል፣ የውስጡ ቬንቲላተር ይጮሃል፣ ምስሉ ይንተባተባል፣ ከዚያ ጥቁር! አባ ጀማል መሪውን እንደያዙ «ፈላ!» ይላሉ፣ እንደ መኪና።

እኔም የምችለውን አደረግኩ። የምስሉን ጥራት ቀነስኩ። የኮምፒውተሩን የጎን ክዳን አነሳሁ። ከግድግዳው ራቅ አደረግኩት። ትንሽ ረድቶ ነበር፣ ግን በደጅ የሚያልፈው ባጃጅ የሚያስነሳው አቧራ በተከፈተው በኩል ይገባ ጀመር። ካርዱ ተፈትቶ መጽዳት እንዳለበት፣ ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባትም መቀየር እንዳለበት በቪዲዮ አይቻለሁ። ብፈታው መልሼ አልገጥመውም ብዬ ፈራሁ።

ነገሩ በተፈጠረባት ቀን ሙቀቱ ለጉድ ነበር። አባ ጀማል የረጅም መንገድ ጭነት ይዘው ሊደርሱ ሲቃረቡ ምስሉ መንተባተብ ጀመረ። «ቆይ፣ ከጎረቤት ፀጉር ቤት ቬንቲላተር ተውሼ ልምጣ» አልኳቸውና ወጣሁ። አልቆየሁም። ስመለስ አባ ጀማል ትከሻቸው ላይ የሚጥሏትን ፎጣ ውሃ ነክረው ኮምፒውተሩን ከላይ ሸፍነውታል፤ ውሃው በአናቱ ቀዳዳ ወደ ውስጥ ይንጠባጠባል።

«ያ አላህ! እጅዎን ያንሱ!» ብዬ ጮህኩ። ለንብረቱ እንዳይመስላችሁ፣ ኤሌክትሪክ ይዟቸው ይቀራል ብዬ ነው። ገመዱን ከግድግዳው ስነቅል ጧ! አለና የተቃጠለ ነገር ሸተተ። ስክሪኑ ጠፋ።

ሽማግሌው ክው ብለው ቀሩ። «አፋር በረሃ ላይ የነዳጁ ፓምፕ ሲግል ጨርቅ አርጥበን እንጠመጥምበት ነበር እኮ። ይቀዘቅዝና ይነሳል» አሉ። ከዚያ ድምፃቸው ወረደ፤ «አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ልጄ።»

«ኧረ ምንም አይደል፣ እንኳን እርስዎን አልነካዎት» አልኳቸው፤ ከልቤ ነበር። እሳቸው ግን አልሰሙኝም። ፎጣቸውን ሳይጨምቁ አንስተው፣ ውሃው በልብሳቸው ላይ እየወረደ ወጡ።

በማግስቱ ልጃቸው ፋጡማ መጣች። «አባቴ ምግብ አልበላም ብሏል። የሰው እንጀራ አቃጠልኩ ይላል» አለችኝ። «ሆሆ! ምን አጠፉና! ዝም ብለው መጥተው ይጫወቱ በይልኝ» ብዬ ላክኋት። አልመጡም።

ስልክ ለሚጠግን ጎረቤት ኮምፒውተሩን አሳየሁት። ሳይከፍት አሸተተውና «ግራፊክስ ካርዱ ተቃጥሏል፣ በቃ ሌላ ግዛ» አለኝ። እኔም አመንኩት። ጥግ አስገብቼ የለስላሳ ሳጥን ደረደርኩበት። ክረምቱም መጣ።

በዚያ ክረምት አባ ጀማልን መስጊድ በር ላይ አየኋቸው። ፈገግ ብዬ ጠበቅኳቸው፤ ፊቴ ደርሰው ዝም ብለውኝ አለፉ። ሌላ ጊዜም እንደዚያው። አሁንም አፍረውኛል ማለት ነው አልኩ በልቤ። ትልቅ ሰው ሲያፍር ተከታትሎ ማስጨነቅ ደግሞ እኛ ዘንድ ነውር ነው። ስለዚህ ባየኋቸው ቁጥር ድምፄን ሳላሰማ መንገድ እለቅላቸው ጀመር።

ክረምቱ ከወጣ በኋላ ኮምፒውተር የሚጠግን አንድ የኮምቦልቻ ልጅ ለሥራ መጥቶ ኖሮ ለስላሳ ሊጠጣ ገባ። ሳጥኖቹን ሳነሳ ኮምፒውተሩን አየና «ይሄ ምን ሆኖ ነው?» አለኝ። ነገርኩት። ሳቀና ፈታው።

ካርዱ ምንም አልሆነም! ውሃው ያቃጠለው ኃይል የሚሰጠውን ክፍል ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለሥራ ይዞት ከመጣው መለዋወጫ ቀየረልኝ። ካርዱን ሲከፍተው የአቧራው ብዛት አንድ ትራስ ይሞላል። ሙቀት የሚያስተላልፈው ቅባት ደርቆ እንደ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። ጠረገው፣ አዲስ ቅባት ቀባው፣ በግልባጭ የተገጠመ ቬንቲላተርም አግኝቶ አዞረው። አንዱ ሞቃት አየር የሚያስወጣ፣ ሌላው ቀዝቃዛ የሚያስገባ ሆነ። ኮምፒውተሩ ሲከፈት የሙቀቱ ቁጥር ስድሳ ምናምን ላይ ቆመና ንቅንቅ አልል አለ። ልጁ የያዘው ለስላሳ እንኳ ገና አላለቀም ነበር። «ይሄንን ክረምቱን ሙሉ ለምን አስቀመጥከው?» አለኝ።

እየሮጥኩ አባ ጀማል ቤት ሄድኩ። ግቢ ውስጥ ዛፍ ስር ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ቆሜ በፈገግታ አየኋቸው።

«ማነው እሱ?» አሉ።

«ሰይድ ነኝ» አልኩ።

«ሰይድ! ምነው ጠፋህ ልጄ? ተቀይመኸኛል ብዬ እኮ ስብሰለሰል ከረምኩ!»

«እኔ? ኧረ እርስዎ ነዎት መስጊድ በር ላይ የሚያልፉኝ!»

ቀስ ብለው «ክረምቱ ሲገባ አፍንጫዬ ስር ያለውን በደንብ አይ ነበር፤ ቆሎ እለቅም ነበር። ብቻ ሰው ሲቆም ፊቱን ለይቼ አላውቀውም። ድምፁን ካላሰማኝ ያልፈኛል። አሁንማ ጥላህንም አላይም» አሉኝ።

አጠገባቸው ቁጢጥ አልኩ። «ኮምፒውተሩ ድኗል፣ ይምጡ» አልኳቸው። ፋጡማ እጃቸውን ይዛ መጣን።

አስቀመጥኳቸው። ሞተሩን ሲያስነሱ ድምፁን ሰምተው ፈገግ አሉ፣ ማርሽ አስገቡ፣ ተነሱ። «ቀጥ ነው አባ ጀማል፣ ቀጥ ነው… ወደ ቀኝ ትንሽ…» እላለሁ እኔ። ድምፄ ግን በጊዜ አልደረሰላቸውም። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ አጥር ጥሶ ቆመ። ጌም ቤቱ ውስጥ ከነበሩት የሳቀ አልነበረም።

አባ ጀማል አልተናደዱም። የእጅ ፍሬኑን ያዙ፣ ማርሹን ባዶ አደረጉ፣ ሞተሩን አጠፉ። መሪውን በመዳፋቸው ዳበስ አድርገው «አልሃምዱሊላህ፣ ሰው አልገጨሁም» አሉ። ከዚያ ተነስተው ወንበሩን ወደ ኋላ ሳቡልኝ፤ «በል፣ ለሚያይ ሰው አስነዳው።»

ኮምፒውተሩ አሁንም አለ። አይፈላም፣ አይንተባተብም፣ ቀትር ላይም ቢሆን። አባ ጀማልን እየሄድኩ እጠይቃቸዋለሁ፤ ገና ከበር ስሜን ጠርቼ ነው የምገባው። እሳቸው አንድም ቀን ነገሩን አንስተውብኝ አያውቁም። እኔ ግን ይቆጨኛል። ክረምቱ ሲገባ ገና ስክሪኑን ማየት ይችሉ ነበር፣ ካርዱም ደህና ነበር፤ እኔ ደግሞ እዚያው ሰፈር ቁጭ ብዬ ሐፍረታቸውን እየጠበቅኩላቸው ነበር።