በቡና መጋዘን ወለል ላይ የተሰመረ ግራፍ

የወሰዱኝ ከክፍል ነው። ጥያቄ እየጻፍኩ ስለነበር ጠመኔው ኪሴ ገብቶ አብሮኝ ታሰረ። ፈታሾቹ ሰዓቴንና ቀበቶዬን ሲወስዱ እሱን ናቁት። ያስገቡኝ ጅማ ውስጥ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ቤት ነው፤ የጀንፈል ሽታው ከግድግዳው አልለቀቀም፣ ወለሉ ሲሚንቶ ነው፣ ብርሃን የሚገባው በበሩ ስንጥቅ ብቻ።

ከጎኔ የደረሰኝ ሰው ከከምባታ መጥቶ ሊሙ ገነት ቡና ሲለቅም የኖረ ነው። የታሰረው በጴንጤነቱ ነው። እምነቴን ትቻለሁ ብሎ ቢፈርም በማግስቱ ቤቱ ይገባ ነበር፤ አልፈርምም አለ። አንዴ ሲጸልይ ይዘው ውስጥ እግሩን ገርፈውታል፣ ከደገመ እንደማይምሩትም ነግረውታል። የማታ ትምህርት ዘጠነኛ ክፍል ደርሶ ነበርና አስተማሪ መሆኔን ሲሰማ ከሰላምታ ቀጥሎ የጠየቀኝ ግራፍ እንዴት እንደሚሠራ ነው። እኔ ስለ ነፍሴ አስባለሁ፣ እሱ ስለ ኤክስና ዋይ!

ወለሉ ላይ አንድ አግድም፣ አንድ ቁም መስመር አሰመርኩለት። ሁለት ኤክስ ሲደመር ሦስት ዋይ እኩል ይሆናል አሥራ ሁለት ብዬ ጻፍኩ። ኤክስ ያለበትን በአውራ ጣትህ ሸፍን፤ ዋይ አራት ይሆናል፣ ቁሙን እዚያ ይቆርጣል። ዋይ ያለበትን ሸፍን፤ ኤክስ ስድስት ይሆናል፣ አግድሙን እዚያ ይቆርጣል። ሁለቱን ነጥቦች አገናኝ፣ በቃ። ለነጥብ ከወለሉ ስንጥቅ የቡና ፍሬ እየፈለቀቅን አስቀመጥን።

በአራተኛው ቀን ጠዋት፣ ገና ሁለቱን መስመሮች ብቻ እንዳሰመርን ጠባቂው ገባ። «ኩን ማሊ?» አለ፣ ይሄ ምንድን ነው ማለቱ ነው። መልስ ሳይጠብቅ ካድሬውን ጠራው። ካድሬው አየና መስቀል ነው አለ። ጴንጤዎች መስቀል የመሳል ልማድ እንደሌላቸው እኔ ኦርቶዶክሱ እንኳ አውቃለሁ፤ ለእሱ ግን ማን ያስረዳው? ሒሳብ ነው አልኩ። ሒሳብ ከሆነ ይሥራው አለና ከራሱ አንድ ፈጠረ፤ ሁለት ኤክስ ሲደመር አምስት ዋይ እኩል ይሆናል አሥራ አምስት። ክው አልኩ። የኤክሱ መልስ ሙሉ ቁጥር አይወጣም፣ እኔ ደግሞ ክፍልፋይ አላሳየሁትም።

ሰውዬው ተንበርክኮ ቁጥሮቹን ደረደረ። ኤክሱን ሸፈነና ፍሬውን ሦስት ላይ አስቀመጠ። ዋዩን ሸፈነ። ጣቱን ከቁጥር ቁጥር አመላለሰ። ከዚያ ሁለተኛውን ፍሬ ሰባትና ስምንት መሃል አኖረና መስመሩን ቀጥ አድርጎ ሳበ። ካድሬው ወደ እኔ ዞረ። ልክ ነው አልኩ።

«እንግዲያው መስቀል አይደለም» ብሎ ሊወጣ ሲል ሰውዬው ተነሳ።

«አይደለም ጓድ፣ ግራፍ ነው። እምነቴን ግን አልተውኩም። የተውኩ እንዳይመስልዎ።»

ምን ነካው! ማን ጠየቀው? ተናደድኩበት፣ እውነቴን ነው። እሱንም ጠመኔዬንም ወሰዱ።

በወሰዱት በሦስተኛው ቀን ጫማውን በእጁ ይዞ፣ በእግሩ ጠርዝ እየረገጠ ገባ። አለመፈረሙን ከፊቱ አወቅሁ። ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

«መምህር፣ ሰባት ተኩሉን በግምት ነው ያገኘሁት። ክፍልፋይ ያስተምሩኝ» አለኝ።

አቧራው ላይ በጣቴ ጀመርኩለት።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ማርክ ይጨመርልን እያሉ ደጅ የጠኑኝ ተማሪዎች ብዙ ናቸው፤ አልፈርድባቸውም። ትምህርት ይጨመርልኝ ያለኝ ግን እሱ ብቻ ነው፣ ያውም በዚያ እግሩ።