የጋሽ ኖራ መስመር

ጋሽ ኖራን ዕድሜያቸውን ብትጠይቋቸው በዓመት አይነግሯችሁም፤ በቡድን ነው የሚቆጥሩት። የበኩር ልጃቸው አምበል የሆነው በመጀመሪያው ቡድን ጊዜ ነው። ሁለተኛዋ ልጃቸው የተወለደችው ቢጫ ማልያ በለበሱት ልጆች ዘመን ሲሆን፣ ቤታቸው አዲስ ቆርቆሮ የለበሰው ያው ማልያ ታጥቦ ታጥቦ ቢጫው ነጭ ሊሆን ሲቃረብ ነው። ጉልበታቸውን ያመማቸው ደግሞ ሴቶቹ እግር ኳስ የጀመሩ ጊዜ። አንድ ቀን ሚስታቸው «እኔን ያገባኸኝስ በማን ቡድን ጊዜ ነው?» ብትላቸው ትንሽ አሰቡና «ያኔ ሜዳው ገና አልተሠራም ነበር» አሏት። በእሳቸው አቆጣጠር ይሄ ከታሪክ በፊት ማለት ነው።

ትክክለኛ ስማቸውን የሚያውቀው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነበር። በትምህርት ቤቱ ጥበቃም አትክልተኛም ደወል ደዋይም ሆነው ኖረዋል፤ ሰው ግን የሚያውቃቸው በአንድ ሥራ ነው። ግጥሚያ ያለ ቀን ማለዳ ተነስተው፣ ሲባጎ ከችካል ችካል ወጥረው፣ ከሥሯ በተበሳች ጣሳ ኖራ እያፈሰሱ የሜዳውን መስመር ያሰምራሉ። ከእግር ጫማቸው እስከ ቅንድባቸው ነጭ ሆነው ሲመለሱ ያየ አንድ ቀልደኛ ተማሪ «ጋሽ ኖራ» አላቸው፤ ስሙ በዚያው ጸና። ጡረታ ከወጡ በኋላ እንኳ ያቺን ጣሳ ለማንም አላስነኩም።

የሳቸው ነገር ከሌላው የኳስ ወዳጅ ይለያል። ጨዋታ ሲያልቅ «ማን አሸነፈ?» አይሉም። በሩ ላይ ቆመው ከሚወጣው ተጫዋች አንዱን በላቡ ይዘው «መስመሩ እንዴት ነበር?» ነው የሚሉት። ተጫዋቹም ቢሸነፍም ቢያሸንፍም፣ «ቀጥ ያለ ነው ጋሼ!» ብሎ ያልፋል። ይቺን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ይፈካል፣ ራታቸውን በደንብ ይበላሉ። ሰው በሠራው ሥራ ሲመሰገን ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ያን ጊዜ ቢያያቸው ይበቃው ነበር።

ሜዳው የተሠራው ትምህርት ቤቱ የተከፈተ ዓመት ነው። ያኔ ጋሽ ኖራ ድንጋይ ሊለቅሙ የመጡ የቀን ሠራተኛ ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ «ሜዳ መለካት የሚችል ማን አለ?» ሲሉ ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እሳቸው ናቸው። በሕይወታቸው ሜዳ ለክተው አያውቁም፤ ግን ቤት ውስጥ ሚስትና ልጅ አለ፣ የድንጋዩ ሥራ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ከጉድጓድ ውሃ የሚቀዳበት የቃጫ ገመድ ተሰጣቸው። ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር በኩል ያለውን የሜዳውን ወርድ ለክተው ችካል ቸከሉ። ምሳ ሰዓት ላይ ዶፍ ወረደ፤ ሰው ሁሉ ሲጠለል ገመዱ ሜዳ ላይ ተዘርግቶ ቀረ። ሲያባራ ያንኑ ገመድ አንስተው በመማሪያ ክፍሎቹ በኩል ያለውን ወርድ ለኩ፣ ቸከሉ፣ ማንም እንዳይነቅለው ከሥሩ ድንጋይ ጠቀጠቁበት። ርዕሰ መምህሩ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው የተወጠረውን ሲባጎ አዩና «ይሄ ሰው እጁ ቀጥ ያለ ነው፤ አይሰናበት» አሉ። በዚህ ቋሚ ሠራተኛ ሆኑ።

የመጀመሪያው ቡድን የመጀመሪያ ግጥሚያ ከጎረቤት ትምህርት ቤት ጋር ነበር። ማልያ የለም፤ የኛዎቹ ከሸሚዛቸው በላይ ቀይ ጨርቅ ክንዳቸው ላይ አስረው ገቡ። አምበሉ የጋሽ ኖራ ልጅ ነው፣ በቀኝ ክንፍ የሚሮጥ፣ ሲሮጥ መሬት የማይነካ የሚመስል ልጅ። ጨዋታው አንድ ለባዶ እየተመሩ ሊያልቅ ሲል ኳሷን በዳር ይዞ በረረ፣ ተከላካዩን ጥሎ አሻገራት፣ ጓደኛው በግንባሩ ገጭቶ አስቆጠረ። ሕዝቡ ሜዳ ገባ። የመስመር ዳኛው ግን ባንዲራውን አንስቶ ቆሟል፤ ኳሷ ከመሻገሯ በፊት መስመር አልፋለች። ጎሉ ተሻረ።

ማታ ልጁ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ እግሩን ሲታጠብ አባት መጡና በኋላ የለመዱትን ጥያቄ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቁ።

«መስመሩ እንዴት ነበር?»

ልጁ ቀና አላለም። «ቀጥ ያለ ነው አባዬ» አለ።

«እንግዲያው ቀጥ ያለ መስመር ማየት ያቃተህ ምን ሆነህ ነው? ዓይንህ ለጌጥ ነው የተፈጠረልህ?»

ልጁ እግሩን አጥቦ ጨርሶ ገባ። ነገሩ እዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር፤ አባት ግን ቀልድ አገኙ ማለት ነው፣ ቀልድ ያገኘ ሰው ደግሞ እንዲህ በቀላሉ አይለቅም። ልጁ ሲያገባ በሠርጉ መሀል ተነስተው «ሙሽሪት፣ መንገድ ስትሻገሩ እጁን ያዢው፤ ይሄ ልጅ መስመር አያይም!» አሉ። ድንኳኑ በሳቅ ፈረሰ። የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን «መስመር የማያይ ሾፌር! ከመንገዱ ውጡለት!» ብለው ሰፈሩን አሳቁ። ልጁ አብሮ ይስቅ ነበር፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጥሎ። እያደር መምጣቱን ቀነሰ። ሥራ በዛብኝ ይላል። እናቱ «ልጁን ተወው በዚች ኳስ» ስትላቸው «ጨዋታ ነው፣ ምን አጠፋሁ?» ይሏታል። ክፉ ሰው ሆነው እንዳይመስላችሁ፤ በልጃቸው የሚኮሩበትን ነገር ሁሉ የሚናገሩት በዚያ ቀልድ በኩል ነበር፣ ሌላ መንገድ አያውቁም።

ቡድን በቡድን ሲተካ ዘመን አለፈ። የቢጫ ማልያዎቹ ልጆች ዋንጫ አመጡ። ከነሱ ቀጥሎ የመጡት ምንም አላመጡም፣ ግን ዘፈናቸው ጥሩ ነበር። ቀጥሎ ሴቶቹ ተነሱ፣ ያኔ ሰው እያሾፈ ሊያይ መጥቶ ድምፁ እስኪዘጋ ጮኾ የሚመለስበት ዘመን ሆነ። ሁሉንም የሚያመሳስላቸው አንድ ነገር ነው፦ ሜዳችን ላይ አንደፈርም። ከሌላ ትምህርት ቤት የመጣ የክንፍ ተጫዋች በቀኝ ዳር ወደ ክፍሎቹ ጎል በሮጠ ቁጥር ኳሷ መስመር ታልፍበታለች፤ የኛዎቹ ግን አንድም ጊዜ አትወጣባቸውም። ጋሽ ኖራ ይሄን ሲያዩ «የኛ ልጆች መስመር ያያሉ፤ ከአንዱ በቀር» ይሉ ነበር።

ዘንድሮ ሴቶቹ ለፍጻሜ ደረሱ። ግጥሚያው እዚሁ ሜዳ ላይ ሊሆን ታሰበ፤ ሜዳው ግን አስቀድሞ መለካት አለበት ተባለ። ሥራው የተሰጠው አዲስ ለተዛወረችው የስፖርት መምህርት ነው። ረጅም የመለኪያ ሜትር ይዛ ስትመጣ ጋሽ ኖራ ደስታቸው ወሰን አልነበረውም። የሜትሩን ጫፍ ራሳቸው ይዘው፣ በገዛ ችካላቸው ላይ ተንበርክከው «ለኪ ልጄ፣ ለኪ» አሏት።

ከመንገዱ ማዶ ፀጉር ቤት አለ። ባለቤቱ የመጀመሪያው ቡድን በረኛ የነበረ፣ የሾፌሩ ልጃቸው የልብ ጓደኛ ነው። በመስኮት ሜትሩን ሲያይ ደንበኛውን በግማሽ ጺም ትቶ፣ ምላጩን እንደያዘ፣ መንገዱን በሩጫ ተሻገረ።

«ጋሼ! ይምጡ፣ ፀጉርዎን ላስተካክልዎ!»

ጋሽ ኖራ ባርኔጣቸውን አነሱ። ራሳቸው እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነው። «ምኑን ነው የምታስተካክለው?»

«ጺምዎን ማለቴ ነው!»

«ዛሬ ጠዋት የላጨኸኝ አንተ አይደለህም?»

«ያኔ በደንብ አልላጨሁዎትም፤ ሕሊናዬን ሲቆረቁረኝ ዋለ...»

መምህርቷ ግን ለክታ ጨርሳለች። ምንም የማታውቅ ልጅ ናት፤ የመጣላትን እውነት እንደመጣላት ተናገረች።

«ጋሼ፣ የበሩ ጎን ልክ ነው። የክፍሎቹ ጎን ግን ወርዱ ሦስት እርምጃ ያህል ያጥራል። የቀኙ መስመር ወደ ውስጥ ገብቷል።»

«ሜትርሽ ተበላሽቶ ነው።»

ደግማ ለካች። ሠለሰች። ጋሽ ኖራ ሜትሩን ትተው በእግራቸው ለኩት፣ መጀመሪያ አንዱን ጎን፣ ከዚያ ሌላውን። ሲጨርሱ ዞር ብለው ፀጉር አስተካካዩን አዩት። የደነገጠ አልመሰላቸውም፤ ያዘነ ነው የመሰላቸው። ያን ጊዜ ገባቸው።

«ታውቅ ነበር» አሉት።

ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ጋሽ ኖራ ጣሳቸውን መምህርቷ እግር ሥር አስቀመጡ። «ለሌላ ሰው ስጡት» ብለው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ሜዳው ላይ የተጫወተ ሁሉ የሚያውቀውን ሳያውቁ ማርጀት እንዴት እንደሚከብድ ያን ዕለት አካሄዳቸውን ያየ ያውቀዋል።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ፀጉር አስተካካዩ ተከትሏቸው መጣ። ሚስታቸው በርጩማ ሰጠችው፤ እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አድርገው ተቀምጠዋል።

«ስንት ዘመን ሳቃችሁብኝ?» አሉ ሳይዞሩ።

«ማን ይስቃል ጋሼ? አንድ ቀን አልሳቅንም።»

«ጠማማ ሜዳ ሰርቼ 'ቀጥ ያለ ነው' ስትሉኝ ሳቅ ካልሆነ ምንድነው?»

«ገመዱ ነው ጋሼ። ቃጫ ውሃ ሲጠጣ ያጥራል። ያን ቀን ዘንቦ ነበራ። የርስዎ እጅማ ምን ወጣለት፤ ሲባጎው ቀጥ ያለ ነው፣ ችካሉ ነው ቦታውን የሳተው።»

«መጀመሪያ ያወቀው ማነው?»

ፀጉር አስተካካዩ ሴትዮዋን አየ። እሷ ራሷን ነቀነቀች፤ ንገረው እንደማለት።

«ልጅዎ ነው። ያቺ ጎል የተሻረች ዕለት ሰው ሲበተን እኔና እሱ ወደ ሜዳው ተመለስን። እንባው እየወረደ በእርምጃ ለካው። እኔ ሮጬ ለርዕሰ መምህሩ ልናገር ስል አንገቴን ያዘኝ። 'አባቴ ሥራ ከያዘ ገና ምኑም አይደለም፣ በዚህ ሜዳ ነው የቀጠሩት። የቤታችንን ጉሮሮ ልትዘጋ ነው?' አለኝ። ቡድኑን ሁሉ ሰብስቦ አስማለን። 'ሜዳው ከሚስተካከል እኛ እንስተካከል' አለ። በማግስቱ ቀኑን ሙሉ በዚያ ዳር ሲያሮጠን ዋለ።»

ጋሽ ኖራ ዞሩ።

«ከዚያ በኋላ አምበል ሲቀየር ኳሷንና ይሄን ቃል አብሮ ያስረክባል፤ 'በቀኝ በኩል ወደ ክፍሎቹ ስትሮጥ መስመሩ ይገባብሃል። ለጋሽ ኖራ ግን ትንፍሽ እንዳትል።' በቃ ወግ ሆነ።»

«ሴቶቹም?»

«የነሱማ ይብሳል! ለእናታቸው እንኳ አልተነፈሱም።»

ጋሽ ኖራ ሚስታቸውን አዩ። «አንቺስ?»

«ዝም አይነቅዝም» አለች፣ ሻይ ልታፈላ እየተነሳች።

ተናደዱ ብል ውሸት ነው። ሜዳውንም ረስተውታል። ውስጣቸውን የሚያቃጥለው ሌላ ነው፤ 'ዓይንህ ለጌጥ ነው?' ያሉት ቃል፣ የሠርጉ ድንኳን ሳቅ፣ አብሮ እየሳቀ መሬት መሬት የሚያየው ልጅ። አንዲት ቃል ቢናገር በሕዝብ ፊት ነጻ ይወጣ ነበር፤ አልተናገረም። እኔ ደግሞ ስንት ጊዜ ደጋገምኩት፣ አሉ በልባቸው፤ ሻዩ እፊታቸው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ማለዳ መምህርቷ ሜዳ ስትደርስ ጣሳው እሷ ካስቀመጠችበት ቢሮ ወጥቷል፤ ጋሽ ኖራ ተንበርክከው የድሮውን ችካል ድንጋይ እየፈነቀሉ ነው። «ነይ፣ ያንን ሜትርሽን ያዢልኝ» አሏት። ሁለቱ ሆነው አዲሱን ችካል ቸከሉ። ጎሉን የቀድሞ ተጫዋቾች ተጋግዘው ነቅለው ገፋ አድርገው ተከሉት፤ ፀጉር አስተካካዩም ቤቱን ዘግቶ መጣ። ጋሽ ኖራ ሲባጎውን ወጥረው፣ ጎንበስ ብለው፣ ኖራውን እያፈሰሱ ከበሩ እስከ ክፍሎቹ ድረስ ሳያርፉ ሄዱ። ጉልበታቸው ቢያማቸውም አልቆሙም።

የድሮው መስመር አልጠፋም። ኖራ ለብዙ ዘመን የፈሰሰበት ሣር ተቃጥሎ ቀርቷል። በሱና በአዲሱ መካከል ከበሩ ዘንድ ጠቦ የሚጀምር፣ ወደ ክፍሎቹ እየሰፋ የሚሄድ ለምለም ሣር አለ። ጋሽ ኖራ በዚያ ሣር ላይ በዝግታ ተራመዱና ኳሷ የወጣችበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ። ቦታውን ለመፈለግ አላስቸገራቸውም፤ ያን ሁሉ ዘመን እየቀለዱ ለሰው ሲያሳዩት የኖሩት ነው። ከሚስታቸው የተዋሱትን ስልክ አውጥተው ደወሉ።

«አቤት እማዬ?»

«እኔ ነኝ።»

«አባዬ? ምነው? እማዬ ደህና አይደለችም?» አባቱ ደውለውለት አያውቁም።

«ደህና ናት። ሜዳ ላይ ነኝ። አዲስ መስመር አስምሬ።»

ከወዲያ የመኪና ሞተር ይሰማል።

«እንዴት ነው መስመሩ?» አለ ልጁ፣ እንደ ድሮው በጥንቃቄ።

«የዛሬው ቀጥ ያለ ነው። የድሮው ጠማማ ነበር። ስማኝ ልጄ። ያቺ ኳስ አልወጣችም ነበር።»

ከወዲያ በኩል የሞተሩ ድምፅ ዝግ እያለ መጣና ጠፋ። መኪናውን ዳር አስይዞ አቁሞታል።

«አውቃለሁ አባዬ» አለ ሾፌሩ፤ ድምፁ እግሩን ደጃፍ ላይ ይታጠብ የነበረውን ልጅ ድምፅ መሰላቸው። «ግጥሚያው መቼ ነው? ልምጣ?»