የእትየ ብዙወርቅ መደርደሪያ

እትየ ብዙወርቅ አየለ አዲስ አበባ ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመዝገብ ቤት ሠርተዋል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1987 ግን ሆላንድ አገር፣ ራይስዋይክ ውስጥ የአንድ ቤት አከራይ ድርጅትን ቢሮ ያጸዱ ነበር። እኔ ያኔ ተማሪ ነበርኩ። ቅዳሜ ጠዋት ዴን ሃግ በሚገኝ የሰፈር መሰብሰቢያ ቤት ለአገሬ ሰዎች ኮምፒውተር አስተምር ስለነበር የተዋወቅነው እዚያ ነው።

የዚያ ዘመን ኮምፒውተር ሥዕል የለውም። ጥቁር መስታወት ላይ አረንጓዴ ፊደል ብቻ ነው፤ የሚፈለገው ሁሉ በጽሑፍ ይታዘዛል። DIR ሲሉት ያለውን ይዘረዝራል፣ MD ሲሉት አዲስ ማኅደር ይከፍታል፣ COPY ይቀዳል፣ DEL ይደመስሳል። ሌሎቹ ሲደናገጡ እትየ ብዙወርቅ መነጽራቸውን አስተካከሉና፣

“ይኸማ መዝገብ ቤት ነው። ማዛወሪያው ትእዛዝ የታለ?” አሉኝ።

“የለውም። ይቀዳሉ፣ የተቀዳውን ያያሉ፣ ከዚያ ዋናውን ይደመስሳሉ።”

“የሠራው ሰው ይባረክ። ዋናው ወረቀት አለቃ ሳያይ አይቃጠልም።”

በጥቅምት የቢሮው ኮምፒውተር አዲስ ደብዳቤ አልቀበልም አለ። የማሽኑ ሻጭ የቢሮውን ሰዎች ትልቅ ዲስክ ግዙ አላቸው። እትየ ብዙወርቅ መወልወያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው DIR ጻፉ። አምስት መቶ ያህል ደብዳቤ ያለ አንድ ማኅደር ተበትኗል። ማሽኑ ማኅደር ውስጥ ላልገባ ነገር የሚሰጠው ቦታ የተወሰነ ነው፤ ዲስኩ ባዶ ሆኖ ወለሉ ብቻ ሞልቷል።

“መኔር ፖስትማ፣ ዲስክ አይግዙ። የጎደለው መደርደሪያ ነው” አሉት አለቃውን፣ በዚያች በምትሰባበር ሆላንድኛቸው።

ፖስትማ አያቸው፤ መወልወያውንም አየ። “ሜቭራው አየለ፣ እስከ ዓርብ ካስተካከሉት የመዝገብ ክፍሉ ጠረጴዛ የእርስዎ ነው። ካልሆነ ሻጩን እጠራለሁ።”

ለመጀመሪያው ማኅደር እንኳ ማረፊያ ስላልነበረ አንዷን ደብዳቤ ፍሎፒ ወደሚባለው ተነቃይ ዲስክ ቀድተው ከወለሉ አነሱ። በቦታዋ HUURDERS፣ ተከራዮች፣ የሚል ማኅደር ከፈቱ። ከዚያ ስም ላይ ሲደርሱ አዘኑ። ደብዳቤዎቹ “J. de Vries” እያሉ ነው የሚጽፉት። የሰው ስም በአንድ ፊደል? ሰውየውን ትተው አባቱን ብቻ ጽፈውታል ብለው፣ ሦስት ቀን ሙሉ ከቁም ሣጥኑ የኪራይ ውል እያወጡ የእያንዳንዱን ስም ፈለጉ። በውስጡም በየስሙ ማኅደር ከፈቱ፦ JOHANNES፣ MARIA፣ KEES።

ዓርብ ፖስትማ የዴ ፍሪስን ደብዳቤ ጠየቀ። ዴ ፍሪስ የሚባል ማኅደር የለም። JOHANNES ሲከፈት የአርባ አንድ ሰው ደብዳቤ ተግተልትሎ ወጣ። የቢሮው ጸሐፊዎች ሳቁ። ፖስትማ አልሳቀም፤ “ሻጩ ሰኞ ከሰዓት ይመጣል” ብሎ ሄደ።

በማግስቱ ቅዳሜ ይህን ሲያወሩን ፍስሃየ አላስቻለውም። ፍስሃየ የደቀምሐረ ሰው ነው፤ ዴን ሃግ ውስጥ ትራም ይነዳል።

“የሆላንድን ዮሐንስ ሁሉ አንድ ቤት አጎርሽው?”

“ቀልድህን ተው።”

“እዚህ ሰው የሚፈለገው በቤተሰቡ ስም ነው። አንቺስ ማን ነሽ? ሜቭራው አየለ፤ ወይዘሮ አየለ።”

“አየለ አባቴ ናቸው።”

“እኮ! የእኔም አባት ይኸው አምስት ዓመት ትራም ነድቷል፤ ከደቀምሐረ ወጥቶ አያውቅም።”

እትየ ብዙወርቅ ሳይፈልጉ ሳቁ። እኔ ግን ፈርቼ ነበር።

“ዋናዎቹን ደምስሰዋቸዋል?”

እንደ ሰደብኳቸው አዩኝ። “አለቃ ሳያይ?” ቀጥለውም፣ “ማኅደር ውስጥ በከፈትኩት ማኅደርስ ውስጥ ሌላ ይከፈታል?” አሉ።

“ይከፈታል።”

“እንግዲያው አባትየው ከላይ፣ ልጅየው ከሥሩ።”

በጽዳት ቁልፋቸው ገብተው ቅዳሜን ከሰዓት፣ እሑድንም ከቅዳሴ መልስ ሲቀዱ ዋሉ። ሰኞ ጠዋት ፖስትማ ኮቱን ሳያወልቅ መጣ።

“ዴ ፍሪስ።”

“የትኛው?”

“J.”

“J አራት አሉ። ዮሃነስ፣ ያኮብ፣ ያን፣ ዬለ።”

ፖስትማ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ጸሐፊዎቹ ለካ የአራቱን ደብዳቤ እያቀያየሩ ነው የከረሙት። ያ ሦስት ቀን የተለፋበት ስም ባይኖር ማንም አይለያቸውም ነበር።

ከዚያ እትየ ብዙወርቅ በወለሉ ላይ የቀሩትን አሮጌ ደብዳቤዎች የሚደመስሰውን ትእዛዝ ጻፉ። የመጨረሻዋን ቁልፍ ግን አልነኩም፤ የቁልፍ ሰሌዳውን ወደ እሱ አዞሩት።

“ማሽኑ እርግጠኛ ነዎት ወይ ብሎ አይጠይቅም። እኔ እጠይቃለሁ።”

ፖስትማ በጣቱ ተጫናት። ወለሉ ጸዳ፤ ሻጩም እንዳይመጣ በስልክ ተነገረው።

ዛሬም አንድ ነገር ልደመስስ ስል እጄ ቁልፉ ላይ ይቆምና አለቃ ፍለጋ ዞር እላለሁ። ማንም የለም።

ያን ሰሞን ቅዳሜ አዲሱን የመዝገብ ክፍል የሥራ ውላቸውን የት እንዳስቀመጡት ነገሩን። ለሠራተኞች ማኅደር ከፍተው፣ ከሥሩ AYELE፣ ከእሱም ሥር BIZUWERK ብለዋል። ማሽኑ ከስምንት ፊደል በላይ አይቀበልም ነበር፤ ስማቸው ሲቆጠር ልክ ስምንት ሆነ።

“አባቴንም ጠረጴዛ አስገኘኋቸው” አሉና ወደ ፍስሃየ ዞሩ። “የአንተው ገና ትራም ላይ ናቸው።”