ያልመጡትን መጠየቅ

ሶዶ ከተማ፣ በአንድ የመንግሥት ጤና ጣቢያ የምክር አገልግሎት ሥራ የጀመርኩ ዕለት ኃላፊያችን አቶ ማርቆስ ሁለት ወንበርና አንድ ጠረጴዛ ያለበት ክፍል አስረከቡኝ። በሩ ላይ «የአእምሮ ጤናና የምክር አገልግሎት» የሚል ትልቅ ጽሑፍ ተሰቅሏል፤ ከአስፋልቱ ማዶ ሆኖ ይነበባል።

«ባለጉዳይ ሲመጣ አስተናግጂ» ብለውኝ ሄዱ። እስከ ማታ ማንም አልመጣም።

ወራት አለፉ። አልፎ አልፎ የሚመጡትም የቢሮ ሠራተኞች ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ አቶ ማርቆስ አስጠሩኝ።

«እኅቴ፣ የእኛ ሰው ጭንቀቱን ለፈጣሪው ነው የሚነግረው። ምክር አይፈልግም። ክፍሉን ለመድኃኒት ማከማቻ እንስጠው።»

«አለመፈለጋቸውን በምን አወቁ?»

«አይመጡም እኮ!»

«እንግዲያው ያልመጡትን ልጠይቅ። አጭር ጥናት ልሥራና ከዚያ ይወስኑ።»

ጥቂት አሰቡና ፈቀዱ።

ከባልደረባዬ ከብርሃኑ ጋር መጠይቁን በአማርኛ አዘጋጅተን በገበያ ቀን ሁምቦ ወረዳ ውስጥ ወዳለችው ተበላ ከተማ ወረድን። «ጭንቀት አለብዎት?» «የለም።» «እንቅልፍ ይነሣዎታል?» «ኧረ ደህና ነኝ።» የጠየቅነው ሁሉ ደህና ሆነ። ብርሃኑ «ሁምቦ ውስጥ የተጨነቀ ሰው የለም ማለት ነው» ብሎ ሳቀ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

ጎደሬ ከምትሸጥ አንዲት ሴት አጠገብ ተቀመጥኩ። አማረች እላታለሁ፤ ስሟን ቀይሬዋለሁ። መጠይቁን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና በወላይትኛ «ልብሽ እንዴት ነው?» አልኳት።

ጎደሬውን መደርደሯን ተወች። «ልጄን ከቀበርኩ ወዲህ ልቤ ቦታው ላይ የለም» አለችኝ።

ብዙ አወራን። ሶዶ ውስጥ ምክር የሚሰጥበት ክፍል እንዳለ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅኳት።

«በሩ ድረስ መጥቼ ተመልሻለሁ። እዚያ ሲገባ የታየ ሰው አብዷል ይባላል። ደግሞስ በአማርኛ እሸጣለሁ፣ እገዛለሁ፤ ልጄን ግን በአማርኛ አላለቅሰውም።»

ስንመለስ ብርሃኑ «አንድ ሰው ጥናት አይሆንም» አለ። እውነቱን ነው። መጠይቁን በወላይትኛ እንደገና ጻፍነው። ቢጠናና ሃላሌ ወደሚባሉት ከተሞችም ሄድን፤ ፈቃደኛ የሆነውን ሁሉ ጠየቅን። ከየአቅጣጫው የመጣው መልስ እነዚያው ሁለት ነገሮች ላይ ወደቀ፤ በሩና ቋንቋው።

ውጤቱን ለአቶ ማርቆስ አቀረብኩ። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አወለቁ።

«እናቴም በአማርኛ አልቅሳ አታውቅም» አሉ።

ከሰዓት በኋላ መዶሻ ይዘው መጡና ጽሑፉን በገዛ እጃቸው ነቀሉት። ክፍላችን ወደ ውስጥ፣ እናቶች ልጅ ወደሚያስከትቡበት ኮሪደር ተዛወረ። እዚያ ማን ለምን እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ምክሩ ባለጉዳዩ በመረጠው ቋንቋ ሆነ። በገበያ ቀን ደግሞ አንዳችን ተበላ እንውላለን።

ከጊዜ በኋላ፣ ከዞን ተቆጣጣሪዎች በመጡ ዕለት አግዳሚው ሞልቶ የተረፈው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይጠብቅ ነበር። አማረች ጎረቤቷን ይዛ መጥታለች። «እኔ ቀሎኛል፤ ዛሬ የእሷ ተራ ነው» አለችኝ።

ከተቆጣጣሪዎቹ አንዱ «ይህን ሁሉ ሰው ከየት አመጣችሁት?» ብሎ ጠየቀ።

አቶ ማርቆስ ደረታቸውን ነፍተው «ድሮም ነበረ። ለምን እንደማይመጣ ሄደን ጠየቅነው» አሉ።

ክፍሉ አልተዘጋም። ቢጠናና ሃላሌም የየራሳቸው ተከፈተላቸው፤ አማካሪዎቹን ያሠለጠንነው እኔና ብርሃኑ ነን።

በዚህ ሥራ የተማርኩት ይህን ነው፦ ወደ ቢሮ የመጣ ሰው ስለ ራሱ ይናገራል፤ ስለ ቀረው ሰው ለማወቅ ወጥቶ መጠየቅ ያስፈልጋል።