ከአስፋልት የራቀ ቤት

ጥቅምት ገብቶ የጨፋ ሸለቆ ማሽላ ወተት መያዝ ሲጀምር ከርከሮውም አብሮ ይመጣል። ቀን ወንዙ ዳር ባለው ረጅም ሣር፣ ደንገሉ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ማሳ ይገባል። የሚበላው ትንሽ ነው፤ የሚረግጠው ግን የሰው ዓመት ሙሉ ልፋት ነው። ነገ ለእሱ እንደምትወጡ ሰምቻለሁ። እኔ ዘንድ የመጣችሁትም የት የት መቆም እንዳለባችሁ እንድነግራችሁ ነው። እነግራችኋለሁ፣ አትቸኩሉ። መጀመሪያ ግን የሙሄን ነገር ስሙኝ። አብዛኞቻችሁ ያኔ ከተማ ትምህርት ላይ ስለነበራችሁ የምታውቁት በወሬ ነው። ወሬው ደግሞ እኔን ጀግና አድርጎኛል። ውሸት ነው።

ሙሄና እኔ መንገድ ሥራ ላይ አብረን ነው ያረጀነው። እኔ ግሬደር እነዳለሁ፣ እሱ መካኒክ ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት በአንድ ድንኳን አደርን ብል ማጋነን አይደለም። እሱ ሚስትና ልጅ ነበረው፤ እኔ ትዳር አልጸናልኝም። የእኔ ነገር አደንና ዓሣ ብቻ ነበር። ዝዋይ በሉ፣ ጫሞ በሉ፣ ጣና በሉ፣ መንጠቆ ያልጣልኩበት ውሃ የለም። በእረፍት ቀን ሰው ልብሱን ሲያጥብ እኔ ውሃ ዳር ነኝ፣ ሙሄም ከጎኔ ነው።

የጡረታችን ጊዜ ሲቃረብ እንቅልፍ አጣሁ። ሌላው ሰው የሚጦረው ልጁ አጠገብ ነው፤ እኔ ግን አገሩን ሁሉ በልቤ እየዞርኩ ቦታ እመርጥ ነበር። ዝዋይ ዓሣው ጥሩ ነው፣ ግን ስሞት የሚቀብረኝ ዘመድ የለኝም። ባቲ የእናቴ አገር ነው፣ ግን በጋ ላይ ወንዙ አሸዋ ብቻ ነው። ከሚሴ ሁሉም ነገር አለ፤ ውሃና አውሬ ብቻ የለም። መጨረሻ ላይ ይህችን ቦታ አየኋት። ቦርከና ወንዝ እግሯ ሥር፣ ደንገሉ ጓሮዋ፣ ጠዋት ቆቅ ይጮኻል፣ ወንዙ ውስጥ ክንድ የሚያህል አምባዛ አለ። ከአስፋልቱ እዚህ ድረስ በደረቅ ጊዜ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከሁሉ በላይ የወደድኩት ይህንን መራቋን ነው። የመኪና ድምፅ ጠግቤ ነበር።

ሙሄ ግን ከሚሴ ላይ ሁለት ክፍል ቤት አዘጋጅቶ ነበር። ልጁ ሰሚራ እዚያው መድኃኒት ቤት ትሠራለች፣ እሱም ደም ግፊት አለበት። መስጊዱም ቅርብ ነው። እኔ ግን ለቀቅ አላደረግሁትም።

«ሙሄ፣ ከሚሴ ቁጭ ብለህ ባጃጅ ስትቆጥር ልትሞት ነው?» አልኩት።

ሳቀ። ሲስቅ ትከሻው ብቻ ነበር የሚንቀጠቀጠው። «አንተ ካልክ እንግዲህ ምን አደርጋለሁ» አለ። በወሩ ከሚስቱ ከዘሃራ ጋር ዕቃውን ጭኖ መጣ፣ ከቤቴ ጎን ቤት ሠራ። ዕቃ ስናወርድ ዘሃራ ጥላ ፈልጋ ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። ሙቀቱ አድክሟት ነው ብዬ አለፍኩት።

ያ ጥቅምት ለሁለታችን የመጀመሪያው ነበር። ልማዱን ታውቃላችሁ፤ ከየቤቱ አንድ ወንድ ይወጣል፣ ወጣቱ ጀሪካን እየደበደበ አውሬውን ከደንገሉ ያወጣል፣ ሌላው ጦር ይዞ መውጫው ላይ ይጠብቃል። ጠመንጃ አይታሰብም። በዚህ ዘመን አንድ ጥይት ከጮኸ ማን ተኮሰ፣ ለምን ተኮሰ ሳይባል ሸለቆው ሁሉ ይሸበራል። እኛን ሽማግሌዎቹን ሩቅ ጫፍ ላይ አቆሙን፣ ወንዙ ዳር፣ ምንም አይደርስባቸውም ብለው።

እኔ ግን መሬቱን ሳይ ዋናው መውጫ ያ መሆኑ ገባኝ። ጭቃው ላይ ትልቅ የወንድ ዱካ ነበር። ሰኮናው ጠልቋል፣ ከኋላ ያሉት ሁለቱ ትንንሽ ጥፍሮች ሳይቀሩ ታትመዋል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የገባው ውሃ ገና አልጠራም። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር መሬቱ ለስልሷል። ሙሄ ራሱ ከአሮጌ የመኪና ባሌስትራ የቀጠቀጠውን ጦር ይዟል። እኔም ጦሬን ይዣለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ግማሽ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር። ጠዋት ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ሦስት መንጠቆ ጥዬ ነበር።

ከዙሁር ሶላት በኋላ ጩኸቱ ቀረበ። ሁለት እንስትና ግልገሎች በሌላ በኩል ወጡ። ቀጥሎ ወንዱ ወጣ፣ በሙሄ በኩል። ሙሄ አልሸሸም። ጎንበስ ብሎ ጠበቀውና ትከሻው ላይ ወጋው፣ ጦሩንም ነቀለ። ከርከሮው ዞሮ ተመልሶ ደንገል ገባ። የሙሄ እጅ እስከ ክርኑ፣ ሱሪውም እስከ ጉልበቱ ደም ሆነ።

አሁን የምነግራችሁን አትርሱ። የእኛ ሰው ከርከሮን ይወጋል እንጂ አይነካም። ደሙ የነካው ልብስም ጦርም ሰባት ጊዜ ይታጠባል፣ አንዱ በአፈር። ስለዚህ የተወጋው ደንገል ከገባ ማንም ተከትሎ ሞተ አልሞተም ብሎ አያይም። ለጅብ ይተዋል። እኔ ግን በሄድኩበት አገር ሁሉ አድኛለሁ። የወጋኸውን ሬሳውን ሳታይ ጦር ከእጅህ እንደማይወጣ አውቃለሁ። ደሙንም አየሁት። ሳንባ የተመታ ደም አረፋ አለው። ያ ግን ጥቁር ነበር፣ ጠብታውም አልፎ አልፎ ነው። ሥጋውን ብቻ ነው ያገኘው።

«እንድሪስ፣ ሞቷል ትላለህ?» አለኝ ሙሄ።

ብንገባ እኔም ደም ሊነካኝ ነው፣ እኔም ሰባት ጊዜ ልታጠብ ነው። መንጠቆዬም እየጠበቀኝ ነው። «ሞቷል ወላሂ» አልኩት። «ሂድ ታጠብ፣ የአስር ሶላት ደርሷል።»

ወላሂ ብዬ ማልኩ። ምላሴን በቆረጠው።

ሙሄ አመነኝ። መቼ አላመነኝ ያውቃል? ወንዙ ዳር ወረደ፣ ጦሩን ውሃው ውስጥ አጋደመ፣ ሱሪውን አውልቆ ሽርጡን አገለደመና ማጠብ ጀመረ። እኔ ሠላሳ እርምጃ ያህል ርቄ ሾላው ሥር ቆሜያለሁ፣ ጦሬን ግንዱ ላይ አስደግፌ። እየቆጠረ ሲያጥብ ድምፁ ይሰማኛል። «ሦስት» አለ። እጄ ላይ ያለው ክር ተወጠረ፤ ትልቅ አምባዛ ነው። ደስ አለኝ። «አራት» አለ።

ቀና ስል ነፋሱ ደንገሉን ወደ ወንዙ አጎንብሶታል። ከሙሄ ጀርባ አንድ ቦታ ብቻ ከነፋሱ ተቃራኒ ተነቃነቀ።

«ሙሄ! ፊጊ!» ብዬ ጮህኩ። ሩጥ ማለቴ ነው፤ ስደነግጥ የሚወጣኝ የእናቴ ኦሮምኛ ነው። እሱ ግን አልሮጠም። ምን ሆነ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። እኔን ነገር ያገኘኝ መስሎት ነው። ከርከሮው ከኋላው ደርሶ ጭኑን በክራንቻው ዘነጠለውና ውሃው ጠርዝ ላይ ጣለው።

ክሩን ጥዬ፣ ጦሬን አንስቼ ሮጥኩ። ከርከሮው ሰማኝ፣ ሙሄን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። መሸሻ አልነበረም። ተንበረከክሁ፣ የጦሩን የኋላ ጫፍ ጭቃው ውስጥ ተክዬ ስለቱን ወደሱ አቀናሁ። በራሱ ፍጥነት መጥቶ ተሰካበት። ወደ ኋላ ገፋኝ፣ የጦሩ ዘንግ ተሰነጠቀ፣ እሱ ግን እየገፋ ቀጠለ። ትንፋሹ የማሽላ እሸት ይሸት ነበር። አፍንጫው ጉልበቴን ሲነካ እግሮቹ ከዱት፣ ወደቀ። ወሬው የሚያወራው ይህንን ነው። ያኔ ያደረግሁት ገና ደሙን ሳይ ማድረግ የነበረብኝን ነው።

የሙሄ ደም ይዘል ነበር። ሽርጡን ቀድጄ ጭኑን አሰርኩ፣ በጉልበቴ ተጫንኩት። ወጣቶቹ ደረሱ፣ ከእንጨትና ከጋቢ ቃሬዛ ሠሩ፣ ተነሳን። ሌሊት የዘነበበት ጥቁር አፈር ግን ታውቁታላችሁ፤ እግራችሁን ይይዛል፣ ጫማ ያስቀራል። ባጃጅ ደውለን ጠራን፣ አስፋልቱ ላይ ቆሞ ጠበቀን፤ ወደ ውስጥ መግባት አይችልም። ሠላሳ አንድ ዓመት የሰው መንደር ሁሉ መንገድ እንዲገባለት የደለደልኩ ሰው ነኝ። ለራሴና ለሙሄ መንገድ የሌለበትን መረጥኩ።

ግማሽ መንገድ ላይ ሙሄ እጄን ያዘ። «አስር አለፈኝ?» አለኝ።

«አላለፈህም።»

«ደሙ አለብኝ እኮ። አራት ላይ ነው የቆምኩት።»

«አላህ ያያል ሙሄ። እንዲሁ ስገድ።»

ጣቶቹን አየሁ፣ ከንፈሩንም። ተንቀሳቀሱ። ከዚያ ከንፈሩ ብቻ፣ ከዚያ እሱም ቆመ። አስፋልቱ ላይ ስንደርስ ባጃጁ ወደ ከሚሴ ሆስፒታል የወሰደን በደቂቃዎች ነበር። ነርሷ አንገቱን ነካች፣ ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበችው። «ትንሽ ቀደም ብላችሁ ቢሆን» አለች። ከውጭ የመኪና ጥሩምባ ይሰማ ነበር።

ልጁ በምትኖርበት፣ ከሚሴ ቀበርነው።

ተዝያው፣ የለቅሶው ቀን ካለፈ በኋላ ዘሃራ ዘንድ ሄድኩ። ሰው ሁሉ አንበሳ እያለኝ ነበርና እሷ እንኳን እውነቱን ትወቅ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ደሙን ማየቴን፣ መንጠቆውን፣ ወላሂ ማለቴን። «ዘሃራ፣ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ» አልኳት።

«አውፍ ብዬሃለሁ ወንድሜ፣ ለአላህ ብዬ» አለች። ከዚያ እንዲህ አለችኝ፦ «ሙሄ ዓሣ አይወድም ነበር፣ ታውቃለህ? ሽታው ያስመልሰዋል። ጨፋንም አልወደደውም፣ ሌሊት በትንኝ እያማረረ ነበር የሚያድር። ‹እንድሪስ ማንም የለውም፣ ብቻውን ውሃ ዳር ሊያረጅ ነው፣ አይሆንም› ብሎ ነው ያመጣኝ።»

 

ነገ ወንዙ ዳር ያለውን መውጫ ለሽማግሌ አትተዉ፣ አራት ጠንካራ ሰው ይቁምበት። የወጋችሁትን ከርከሮ ሬሳውን ሳታዩ ማንም ሊታጠብ አይውረድ፤ አስር ቢያልፍ በኋላ ተሰግዶ ቀዷው ይወጣል። ከመካከላችሁ ደሙን አይቶ እያወቀ ዝም የሚል ካለ ደግሞ ከአሁኑ ቤቱ ይቅር።

የእርጅና ማረፊያ መምረጡ እንኳን እናንተን አይመለከትም፣ ገና ልጆች ናችሁ። እኔ ለማረፊያዬ ውሃውን መርምሬያለሁ፣ ዱካውን መርምሬያለሁ፣ ነፋሱን ሳይቀር መርምሬያለሁ። ያሰብኩትንም አግኝቻለሁ፤ ትናንት እንኳን ሁለት አምባዛ ይዤ ገባሁ። ልቤ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ስብር ነው። ያ ሰው ያን ሁሉ ዓመት ሽታውን ችሎ ከጎኔ ሲቀመጥ፣ አንተስ የት ብትሆን ደስ ይልሃል ብዬ አንድ ቀን እንኳን አልጠየቅሁትም።