ኮቴ የሌላት

መጀመሪያ ያየኋት ቀን ደጃፌ ላይ ተቀምጬ ምስር እየለቀምኩ ነበር። ቀና ስል ልጄ ፊቴ ቆማለች፣ እጄን ብዘረጋ የምነካት ያህል ቀርባ። በሩ አልተንኳኳም፣ ጠጠሩ አልተንኮሻኮሸም። ሳል የለ፣ «ቤቶች» የለ። ሰፌዱ ከእጄ ወደቀና ምስሩ ከአፈር ጋር ተቀላቀለ።

«ቢስሚላህ! አንቺ ልጅ፣ ከየት መጣሽ?»

«ከወልድያ ነዋ እማ። በዚህች።»

ከጎኗ ጥቁር ብስክሌት ቆማለች። ጎማዋ የሞተር ጎማ ያክላል፤ ከፊት በኩል ሞላ አላት፤ ወገቧ ላይ ደግሞ ጡብ የሚያህል ባትሪ ታስሮባታል። ልጄ የጤና ሠራተኛ ናት። እኛ ካለንበት ከመርሳ በላይ ባሉት ቀበሌዎች እየዞረች ሕፃናት ትከትባለች። ባጃጅ ያንን አቀበት አይወጣውም፤ ሞተር ቢገኝ ቤንዚኑ አይገኝም። ስለዚህ ከተማውን ለቆ ከሚሄድ አንድ የፕሮጀክት ሰው ገዛቻት።

«ማሻአላህ» አልኩ በአፌ። ልቤ ግን አላለም።

በእኛ አገር ሰው ወደ ሰው ቤት ሲመጣ ድምፁን ያስቀድማል። ያስላል፣ በትሩን መሬት ላይ መታ መታ ያደርጋል፣ ገና ከሩቁ «ሰላም ዋላችሁ» ይላል። ድምፁን ሳያስቀድም የሚመጣ ሌባ ነው፤ ሌባ ካልሆነም ስሙን በከንቱ አንጠራውም። ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ እኔ የምኖረው በጆሮዬ ነው። ያኔ ያተረፈን ድምፅ ነበር፤ ከየት እንደመጣ ሰምተን ወደ ሌላው እንሮጣለን። ድምፅ የሌለውን ነገር ወዴት ይሸሹታል?

የጎረቤታችን ውሻ ለባጃጅ ይጮሃል፣ ለአህያ ይጮሃል፣ አሥራ ሁለት ዓመት እያወቀኝ ለእኔም ይጮሃል። ለብስክሌቷ ግን ዝም። ካለፈች በኋላ፣ መንገዱ ባዶ ሲሆን ይነሣና ያለፈችበትን አሽትቶ ባዶው ላይ ይጮሃል። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

የሆነው ሆኖ መያዟን ተማርኩ። አራተኛ ክፍል ነው ትምህርቴን ያቋረጥኩት፤ ልጄ ግን ታግሣ አስተማረችኝ። «ካቴናዋን በጨርቅ ትጠርጊና ዘይት ጠብ ታደርጊበታለሽ። ፍሬኑን ስትጨብጪው እጀታው ድረስ ከመጣ ሸራው አልቋል ማለት ነው፣ ትነግሪኛለሽ። ባትሪዋን ፀሐይ ላይ አትተዪ። ውሃ ደግሞ በእርጥብ ጨርቅ ብቻ፤ እንዳታፈስሺባት፣ እማ።» መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ የምሰካው እኔ ነኝ። ትንሿ መብራት ቀይ ሆና ታፈጥብኛለች። ጀርባዬን ሰጥቻት ቆይቼ ስመለስ አረንጓዴ ሆናለች። መቼ እንደተለወጠች ግን አንድም ቀን አይቼ አላውቅም።

በመጀመሪያ ፔዳሏ ካልተረገጠ አትሄድም ነበር። የክትባቱን ሣጥን ጭኖ አቀበት ላይ መርገጡ ልጄን አደከማት። ወልድያ የኤሌክትሪክ ነገር የሚጠግን አንድ ሰው አለ፤ እሱ ጋ ወሰደችና በቀኝ በኩል እንደ ሞተር የሚጠመዘዝ እጀታ አስገጠመችላት። ከዚያ በኋላ እጇን ጠምዘዝ ብቻ ነው፤ እግሯ አርፎ ይቀመጣል። ነገሩም የባሰው ያኔ ነው።

አንዲት ጎረቤቴ ከገበያ ስትመለስ እኔ ጋ ቆመች። ቁጭ በይ ብላት እንቢ አለች።

«ልጅሽን አቀበቱ ላይ አየኋት።»

«ሥራዋ ነው።»

«እግሯ አይንቀሳቀስም እኮ። ቀሚሷ ብቻ ነው የሚውለበለበው። እንደተቀመጠች ወደ ላይ ትሄዳለች።»

«ሞተር አላት፣ እቴ።»

«ሞተርማ ይጮሃል» አለችና ሄደች።

ከላይ ያሉት ሰዎች «ኮቴ የሌላት» ብለው ስም እንዳወጡላት ኋላ ሰማሁ። ብስክሌቷን ይሁን ልጄን አልጠየቅኩም። አንዳንዷ እናት ስታያት የሕፃኗን ፊት ትሸፍናለች አሉ። ልጄ ስትነግረኝ ትስቃለች፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነሣኝ። ያን ሁሉ ገደል በዚያች ነገር ላይ ሆና ነው የምትወርደው። ሌላ ልጅ የለኝም።

አንድ ሐሙስ ከሰፈሩ ሰው ጋር ወዳጃ ተቀምጠን ዱኣ ከተደረገ በኋላ ጭንቀቴን ለሰፈራችን አዛውንት ነገርኳቸው። ሁላችንም አባባ ነው የምንላቸው።

«አባባ፣ ልጄን የምትሸከማት ብረት ታስፈራኛለች።»

«ብረት ምን ያደርግሻል?»

«ድምፅ የላትም፣ አባባ።»

«እንዴ፣ ድምፅ ያለው ሁሉ ደግ ነው? የኔ ጎረቤት ሌሊቱን ሙሉ ይጮህ የለ?» አሉ፤ ሰዉ ሳቀ። እኔ አለመሳቄን ሲያዩ ግን ዱኣ የተደረገበትን ውሃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልተው ሰጡኝ። «በጣትሽ ጥቂት እርጪባት። አብሽሪ፣ ኢንሻአላህ ክፉ አይነካትም።»

ጥቂት እርጪ ነው ያሉኝ። ልጄ ጤና ጣቢያ ስለነበረች ቤት ውስጥ ብቻዬን ነበርኩ። ካቴናዋን ልጠርግ የኋላ እግሯን ግንድ ላይ አስቀምጫታለሁ፤ ጎማዋ መሬት አይነካም። በጣቴ ረጨሁ። አነሰኝ። የሚያስፈራው ትልቅ፣ ውሃው ጥቂት ሆነብኝ። ውሃውን ወደ ጆግ ገለበጥኩና ከመሪዋ ጀምሬ ቁልቁል አፈሰስኩት። ከሁሉ አብልጬ ቀኙ እጀታ ላይ፤ የልጄ እጅ የሚያርፍበት እሱ ነዋ።

ከዚያ ልጄ ያለችኝ ትዝ አለኝ። ገደልኳት ይሆን ብዬ ቁልፏን ከፈትኩ። መብራቷ ቦግ አለ። «አልሃምዱሊላህ» አልኩና ወደ ጓዳ ዞርኩ። ሁለት እርምጃ እንደሄድኩ ጀርባዬ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ነገር ተሰማኝ። ዞር ስል የኋላ ጎማዋ እየዞረች ነው። ማንም ሳይነካት፣ ቀስ እያለች፣ ድምፅ ሳይኖራት። ውሃውን በክብ ትረጫለች፤ አንድ ጠብታ ከንፈሬ ላይ አረፈ። ከዚያ ቆመች። እኔም ቆምኩ። እንደገና ጀመረች።

ቁልፉን እንዴት እንደነቀልኩት አላውቅም።

ልጄ ስትመጣ አልነገርኳትም። አንደኛ ነገር አታፍስሺ ያለችኝን አፍስሻለሁ። ሁለተኛ ደግሞ፣ አውፍ በሉኝና፣ ውሃው ያደረባትን ነገር አስወጣላት፣ የወጣውን ከጠራሁት ይመለሳል ብዬ ነው። ደረቅ ጨርቅ ፈልጌ ወለወልኳት። «ዛሬ አብረቀረቀችልኝ እኮ!» አለች ልጄ። ጨርቁን አጣጥፌ አስቀመጥኩ።

በማግስቱ ጠዋት ሣጥኗን ጭና ወጣች። ብስክሌቷ ደኅና ሆነች፤ ምንም ያሳየችው ነገር የለም። እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። ረፋዱ ላይ እጀታውን ለገጠመው ለወልድያው ሰው ደወልኩ።

«ጎማዋ ብቻዋን ዞረች» አልኩት።

«የማን ጎማ?»

«የብስክሌቷ። ማንም ሳይነካት።»

ሳቀ። «እማማ፣ የእኔ ሥራ ሽቦና ማርሽ ነው። ጂን ከሆነ ቁጥር ተሳስተዋል። ውሃ ነክቷት ይሆን?»

ስልኩን ወደ ሌላው ጆሮዬ አዛወርኩ።

«እማማ? ውሃ ነክቷታል ወይ?»

«እጀታዋን። አንድ ጆግ።»

ሳቁ ተቋረጠ። «ቀኙን?»

«ቀኙን።»

«እጀታው ውስጥ ውሃ ሲገባ ሰው የጠመዘዘው ይመስላታል፤ ያኔ በራሷ ትሄዳለች። አንዳንዴ ወዲያው ነው፣ አንዳንዴ ደግሞ መንገዱ አንቀጥቅጦ ውሃውን ወደ ውስጥ ሲያወርደው። ልጅዎ የት ናት?»

«ከላይ።»

«ይደውሉላት። ቁልቁለቱን በእግሯ ትውረድ።»

ደወልኩ። አይገኝም ትለኛለች የስልኳ ሴትዮ። አምስቴ ደወልኩ፣ አምስቴም ያንኑ አለችኝ። ሻርፔን ደረብኩ፣ የላስቲክ ጫማዬን አደረግኩና ወጣሁ።

ክረምት ነው። የመርሳ ከተማ ፀሐይ ነበራት፤ አቀበቱን ግማሽ ስወጣ ግን ጉሙ ወርዶ ተቀበለኝ። ከፊቴ ጭቃው ላይ የጎማዋ መስመር አለ፣ አንድ ብቻ፣ ጥርስ ጥርስ ያለው። የሰው እግር የለበትም። እሱን እያየሁ ወጣሁ። ሌላ የማየው ነገር አልነበረም። ዛፉም አጥሩም አጠገቡ ካልደረስኩ አይታይም፤ ስደርስ ድንገት ብቅ ይላል፣ ሳልፈው ይጠፋል።

በግራዬ አንድ ነገር አለፈ።

ነፋስ አልነበረም፤ ከአጠገቤ ያለው ሣር አልተንቀሳቀሰም። የሻርፔ ጫፍ ግን ወደ ቁልቁለቱ ተሳበ፤ ልክ ሰው በፍጥነት ሲያልፍ እንደሚሆነው። ዞርኩ። ጉም ብቻ። «አንቺ ልጅ!» አልኩ። መልስ የለም። አለፈችኝ ብዬ ልመለስ ስል ጭቃውን አየሁ። የሚወጣ መስመር እንጂ የሚወርድ የለበትም። ፊቴን መልሼ ወደ ላይ ነው የሄድኩት።

ከዚያ በኋላ ዝም ብዬ መሄድ አልቻልኩም። ጮህኩ። አጨበጨብኩ። ከላይ እየወረደች ከሆነ ትስማኝ፣ ትጠንቀቅ ብዬ። አገሩ ደግሞ እንዲህ የሚጮኸው ሰው ሲሞት ነው። ከላይ፣ ከጉሙ ውስጥ የሴት ድምፅ መጣ፣ ከየትኛው ቤት እንደሆነ አላየሁም።

«እናንተ! ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም! ልጄን ፈልጌ ነው፣ የክትባቷን!»

«አሁን ከኛ ወጥታ ወረደች እኮ። አላገኘሻትም?»

አላገኘኋትም። ያቺ ሴት ደግማ ስትጠራኝ አልቆምኩም። የመንገዱን ዳር በእጄ እየዳሰስኩ ወጣሁ። አንድ ቁልቋል ጋ ስደርስ የጎማው መስመር ከላይ ወርዶ ከመንገዱ ሲወጣ አየሁ።

«እማ፣ ቀስ በይ። ድንጋዩ ያንሸራትታል።»

ልጄ ከመንገዱ በታች ካለው እርከን ሥር ተቀምጣለች። ሣጥኑን ጭኗ ላይ አቅፋዋለች። ክንዷ ተገሽልጦ ደም አለበት፤ ዓይኗ ግን እኔ ላይ አልነበረም። ብስክሌቷ ከእሷ ትንሽ ራቅ ብላ በጎኗ ወድቃለች፤ የኋላ ጎማዋ ጉሙ ውስጥ ቀስ እያለች ትዞራለች። ልጄ እሷን ነበር የምታየው። ተንሸራትቼ ወረድኩና ቁልፉን ነቀልኩ። ቆመች።

«ፍሬኑን በሁለት እጄ ይዤ አልቆም አለችኝ» አለች። «ከኋላዬ ሰው የሚገፋኝ መሰለኝ። ዞሬ አየሁ፣ እማ። እንደዚያ እየወረድኩ ዞሬ አየሁ።»

«እኔ ነኝ።»

«ምን?»

«የገፋሁሽ እኔ ነኝ።»

ሁሉንም ነገርኳት። ወዳጃውን፣ ውሃውን፣ ጎማዋ ብቻዋን መዞሯን፣ ዝም ማለቴን። ደሟን በሻርፔ እየጠረግኩ ነው የነገርኳት። ጨርሼ ስጠብቅ፦

«አባባ ምን ያህል ነው ያሉሽ?» አለች።

«ጥቂት። በጣት።»

«አንቺስ?»

«ጆጉን።»

ሳቀች፤ ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና አለቀሰች። «በውሃው አይደለም የከፋኝ። ውሃውስ ስለፈራሽ ነው። ስትዞር አይተሽ ጠዋት በሰላም ሂጂ አልሽኝ።»

ሣጥኑን ከጭኗ ተቀብዬ ብስክሌቷ ላይ ጫንኩት። በአንድ በኩል እሷ፣ በሌላው እኔ መሪዋን ይዘን በእግራችን ወረድን። መንገድ ላይ ያለፈኝን ነገር ነገርኳት። «ጉም ነው» አለችኝ። ቆይታ ደግሞ «በየት በኩል ነው ያለፈሽ?» አለች። በግራዬ አልኳት። ከዚያ እስከ ቤት ግራ ግራዋን እያየች ወረደች።

የወልድያው ሰው እጀታዋን ለወጠ፣ የላስቲክ ሽፋን አለበሰላት። ፍሬኑ ላይም አንድ ሽቦ ጨመረ፤ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ሞተሯን ያጠፋዋል። «እማማ ይሞክሩት» ብሎ እጄን ፍሬኑ ላይ አስቀመጠ። ጎማዋን አስዞራትና ይጨብጡት አለኝ። ጨበጥኩ። ሞተሯ እጄ ውስጥ ሲሞት ተሰማኝ። ደግሜ ጨበጥኩ። ደጋግሜ ስሞክረው እሱም ልጄም ጠበቁኝ።

ክንዷ ሲሽር ተመልሳ ልትወጣ ተነሣች። የዚያን ቀን ጠዋት ቁልፉን በጡጫዬ ይዤ ከኋላዬ ደብቄ ቆምኩ። ቀበሌው ውስጥ ሁለተኛ ክትባታቸውን የሚጠብቁ ሕፃናት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ነግራኛለች። እጇን ዘረጋች። አልጎተተችኝም፣ አልተቆጣችም።

«እማ፣ ምን አየሽባት?»

ያየሁትን ነገርኳት። ካቴናዋ ትናንት ላልታ እንደነበር፣ የፊቱ ሸራ እንደሳሳ፣ ቻርጁ ሙቅ እንደነበር። ከዚያም የማይነገረውን፦ በሕልሜ ስትወድቅ ማየቴን። ሁሉንም ቆማ ሰማች። ሸራውን ጎንበስ ብላ አየችና ከገበያ ገዝታ እስክታስቀይር አልወጣችም። አዲሱ ሲገጠም ቁልፉን ሰጠኋት።

አሁን ጠዋት ጠዋት ትጠይቀኛለች፣ እነግራታለሁ። አንዳንድ ቀን ያየሁት ነገር ስም የለውም፤ መብራቷ ያለወትሮዋ አፍጥጣብኝ እንደሆነ፣ ጎማዋን ካስቀመጥኩበት በሌላ በኩል ዞራ ካገኘኋት፣ እሱንም እነግራታለሁ። አትስቅብኝም። ፍሬኑን ሁለቴ ጨብጣ ታየዋለች፣ ከዚያ ትወጣለች።