የሻረግና የምንጩ ግዝት

ላሊበላ ጠላ የለም የሚል ሰው ካለ፣ ያ ሰው የየሻረግ ቤት አልገባም ማለት ነው። ከፍላቂት እስከ ጋሸና ያልተቀመሰ ጋን የለም፤ ይህ ምላስ ይመስክር፣ የሷን የሚያክል አልተገኘም። የሻረግም ይህን አሳምራ ታውቃለች። ለገባውም ለወጣውም ትናገራለች። «ጌሾው በየቤቱ ያው ነው፣ ብቅሉም ያው ነው፤ ልዩነቱ እጄ ነው» ትልና ጠጪው ዝም ካለ፣ «ውሃውም ትንሽ አለበት» ብላ ትጨምራለች። ለውሃው የምትቆርስለት ምስጋና ይህችን ታህል ነበረች።

ውሃው ግራር ምንጭ ከሚሉት ነው፤ ከሰፈሩ ቁልቁል፣ ከሸለቆው አፍ፣ ከቋጥኝ ሥር ይወጣል። ቧንቧማ ገብቷል። ገብቷል እንጂ በፈረቃ ነው፤ በመጣ ቀንም መድኃኒቱ ይሸታል፣ በሱ የተጠመቀ ጠላ ሆስፒታል ተኝቶ የወጣ ይመስላል። ስለዚህ የሻረግ ዕድሜዋን ሁሉ ጠምቃ የኖረች በምንጩ ነው።

ዘንድሮ ፋሲካ እንዳለፈ ምንጩ ሸተተ። ዳር ዳሩን የበቀለው ፊላ ከሥሩ ጠቆረ፣ ውሃው ላይ ነጭ አረፋ ቆመ፣ እንቁራሪቶቹም ድምፃቸው ጠፋ። የእንቁራሪት ነገር ከተነሳ፣ የኔሰው የሚሉት ዲያቆን አንዴ «ዜማዬን አጠፉብኝ» ብሎ በድንጋይ ሲያሳድዳቸው ድንጋዩ ቢያልቅበት ጫማውን ወርውሮ፣ በአንድ እግሩ እያነከሰ ቤቱ ገብቷል። እሱስ ሌላ ወሬ ነው። ዘንድሮ ግን የኔሰው እንኳ «ምን ነካቸው?» ብሎ ጠየቀ።

የሻረግን ያስጨነቃት ሌላ ነው። የግንቦት ማርያም ማኅበር ተረኛ እሷ ናት። በሸተተ ውሃ ጽዋ አይጠመቅ፤ በቧንቧ ውሃ ጠምቃ ደግሞ «የሻረግ እጇ ደከመ» ከምትባል ሞቷን ትመርጣለች።

ጥፋተኛውን ለማግኘት አልደከመችም። ከሸለቆው ራስ ላይ ምሥጋናው የሚባል ሀብታም ሆቴል ሠርቷል፤ ፎቅ ነው። የእንግዶቹ እጣቢ ጭን በሚያክል ቱቦ ወደ ሸለቆው ሲወርድ አገር ያያል። የሻረግ ነጠላዋን አጣፍታ ነፍስ አባቷ አባ ወልደ ኪዳን ዘንድ ሄደች።

«አባ፣ ይገዝቱልኝ።»

«ማንን?»

«ምንጩ ላይ ቆሻሻ የሚለቀውን።»

«ማነው እሱ?»

«ስም አልጠራም አባ፣ ሐሜት ይሆንብኛል። ብቻ ፎቅ አለው።»

አባ ሳቃቸውን በጭራቸው ሸፈኑ። «የሻረግ፣ ግዝት ዓይን የለውም። አንዴ ከተወረወረ ማን ላይ እንደሚያርፍ አይታወቅም።»

«እኔ አውቀዋለሁ! እርስዎ ብቻ ይወርውሩት።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባ ቆመው ገዘቱ። «ወደ ግራር ምንጭ ቆሻሻ የሚለቅ፣ እስኪተውና ውሃው እስኪጠራ ድረስ ጽዋው አይጠጣ፣ ማዕዱ አይቀመስ!» ሕዝቡ አሜን አለ። የየሻረግ አሜን ውጭ የቆሙት ባጃጆች ድረስ ተሰማ።

ከማዘጋጃ ቤት ስንቴ ቢመክሩት «እሺ፣ ነገ» ሲል የኖረው ምሥጋናው፣ ግዝቱን ሲሰማ ነገን አልጠበቀም። ፎቅ ያለው ሰው የሚፈርስ ነገር ስላለው ግዝት አጥብቆ ይፈራል። ቆፋሪ አስመጣ፣ ጉድጓድ አስቆፈረ፣ በድንጋይ አስገነባ፣ ቱቦውን እዚያ ከተተ። የሻረግ ለጠጪው ሁሉ «አያችሁ አሜኔን!» አለች።

ምንጩ ግን መሽተቱን አልተወም።

«ሌላ ቱቦ ደብቋል!» አለች። ግንቦት ማርያም እየደረሰች ነው፣ ጥንስስ መጣል አለበት። አባን ጠራች፣ የማኅበሩን ሰዎች ጠራች፣ ይባስ ብላ ምሥጋናውን ራሱን አስጠራችው። «ወደ ምንጩ የሚወርደውን ቦይ ይዘን ሽቅብ እንውጣ፤ አፍንጫ ያለው ይከተለኝ!» ብላ ቀሚሷን ሰብስባ ፊት መራች።

ቦዩ ከመሐል ለሁለት ይከፈላል። በቀኝ ያለው ከሆቴሉ የሚመጣው ነው፤ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሽታው በግራ ነው። የሻረግ በግራ ታጠፈች። ሽታው በረታ፣ እርምጃዋም በረታ። አንድ ቁልቋል ዞረች፣ አንድ አጥር ተደገፈች፣ ከዚያ ቀጥ ብላ ቆመች። ከአጥሩ ሥር ሻጋታ የወረሰው ክምር ተንዶ ወደ ቦዩ ይንጠባጠባል።

«እትዬ የሻረግ» አለ ምሥጋናው አፍንጫውን ይዞ፣ «ይቺ አጥር የማን ናት?»

«ዝም በል አንተ! አተላ እኮ እህል ነው! ቆሻሻ ነው እንዴ?»

«እኛማ አፍንጫችንን ይዘናል፤ እርስዎ ይንገሩን እንጂ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ድሮ አተላውን የጎረቤቷ የአስቻለች ላም ትጨርሰው ነበር። አምና አስቻለች ላሟን ሸጠች። የሻረግ ግን ከጓሮዋ መድፋቷን አልተወችም፤ እንዲያውም የበዓል እንግዳ በዝቶ ጋኑ በዛ፣ ጋኑ ሲበዛ አተላው በዛ።

«አባ፣ ይፍቱኝ» አለች፣ ድምጿ ያን ቀን ባጃጅ ጋ የደረሰው አይመስልም። «ማኅበሩ ደርሷል። ጽዋዬን ማን ይጠጣልኛል?»

«ግዝቱ ራሱ ተናግሯል፤ ስትተዪና ውሃው ሲጠራ። አተላውን ላም ላለው ሰው ተሸክመሽ ስጪ፣ በሰው ሳይሆን በራስሽ ጀርባ። በሰፈሩ ላም ያለው ማነው?»

ሁሉም ወደ ምሥጋናው ዞረ። ለእንግዶቹ ቁርስ ብሎ የወተት ላሞች ያረባል።

«ሌላ ሰው የለም?» አለች የሻረግ።

አልነበረም። ክምሩን ጠራርጋ፣ በየማለዳው ትኩሱን አተላ በእንስራ አዝላ ያንን ዳገት ወጣች። ምሥጋናው በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ ደህና አደሩ? ላሞቹ ሲጠብቁዎት ነው ያደሩት» ይላታል። እሷ ላሞቹን ብቻ ሰላም ብላ ትመለሳለች።

ግንቦት ማርያም ሳትደርስ ውሃው ጠራ፣ አባም ፈቷት። ጥንስሱ በግራር ምንጭ ተጣለ። በዕለቱ አባ ጸሎቱን ሲጀምሩ እንቁራሪቶቹ ከሸለቆው ተቀበሏቸው፤ የኔሰው የሚወረውረው ሲፈልግ አባ በዓይናቸው አስቀመጡት። ምሥጋናው ዋንጫውን አጋምሶ፣ «እትዬ፣ ጠላው ከአምናውም በልጧል። እጅዎ ነው ወይስ ውሃው?» አለ።

የሻረግ ዋንጫውን ሞላችለት።

«ውሃው ነው» አለች። «ታዲያ ለውሃው ማን ያስገዘተለት ይመስልሃል? ጠጣና ዝም በል!»